«አንደኛ ምርጫዬ» ብሎ ስለ መፈረም
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በባልና ሚስት አባላት የተደረገ ንግግር



ስለ ቀብርና ስለ መዋጮ በሚነገርበት መድረክ ላይ የኮሌጅ ማመልከቻ ምን ሊያደርግ መጣ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ የመጣው ግን ከራሱ ከለቅሶ ቤት ነው። ባለፈው ኦክቶበር ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለን ሦስት ወላጆች በየተራ ጠጋ እያሉ «ልጄ ይኸን ፈርሙልኝ ይላል፣ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ሦስቱም ከስልካቸው ያሳዩን አንድ ዓይነት ቅጽ ነበር። ሊቀመንበራችን ይህን ሲሰሙ «ለሦስት ሰው ከምትነግሩ ለሁሉም ንገሩ» ስላሉን ነው የቆምነው።

እኛ የትምህርት ባለሙያዎች አይደለንም። አንዳችን ታክሲ ነጂ፣ አንዳችን በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሠራተኛ ነን። ሁለት ልጆች አስመዝግበናል፤ በመጀመሪያዋ ተሳስተናል፣ በሁለተኛው ተምረናል።

አብዛኞቻችን አገር ቤት የተማርን ሰዎች ስለ ዩኒቨርስቲ ምርጫ የምናውቀው አንድ መንገድ ነው። ፈተና ይወሰዳል፣ ቅጽ ይመጣል፣ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ እየተባለ ይሞላል፤ የሚመድበው መንግሥት ነው። አንደኛ ብሎ የጻፈ ተማሪ በመጻፉ ብቻ ምንም ዕዳ አይገባም። አዲስ አበባ ብሎ ጽፎ ሌላ ከተማ ቢደርሰው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። እዚህ አገር ግን «አንደኛ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ» የሚለው ቃል ራሱ ሸቀጥ ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ይህን ቃል ከልጁ ይገዙታል፤ የሚከፍሉትም የመግባቱን ዕድል ከፍ በማድረግ ነው። ስለዚህ ቃሉ በነፃ የሚሰጥ አይደለም፣ እንደ አገር ቤቱ ቅጽም የሚታይ አይደለም።

ይህ ነገር ኧርሊ ዲሲዥን ይባላል። ልጁ በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኖቬምበር 1 ወይም እስከ ኖቬምበር 15፣ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ «ከተቀበላችሁኝ እገባለሁ፣ ሌላውን ሁሉ እሰርዛለሁ» ብሎ ያመለክታል። መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል። ቅጹ ላይ ሦስት ፊርማ አለ፤ የልጁ፣ የወላጅ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ። የወላጅ ፊርማ የሚለውን ልብ በሉልን። እኛ ዋስ ሁኑ ብንባል ስንት ጊዜ የምናስብ ሰዎች፣ ይህን በስልክ ላይ በጣታችን ነክተን እናልፈዋለን። ሁለተኛ ዙር ያላቸው ኮሌጆችም አሉ፤ ማመልከቻው በጃንዋሪ፣ መልሱ በፌብሩዋሪ ሲሆን ግዴታው ያው ነው።

ሌላው ኧርሊ አክሽን የሚሉት ነው። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ቀደም ብሎ ያመለክታል፣ ቀደም ብሎ መልስ ያገኛል፣ ነገር ግን አይታሰርም፤ እስከ ሜይ 1 ድረስ ሁሉንም አስተያይቶ ይወስናል። በመካከል ደግሞ ገደብ ያለበት ኧርሊ አክሽን አለ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ይህን ይጠቀማሉ፤ ልጁን ግባ ብለው አያስገድዱም፣ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ለሌላ የግል ዩኒቨርስቲ በኧርሊ እንዳያመለክት ይከለክላሉ። ለመንግሥት ዩኒቨርስቲ ግን አስገዳጅ እስካልሆነ ድረስ ማመልከት ይፈቅዳሉ። እዚሁ አጠገባችን ያለው ጆርጅታውን ደግሞ የሚከለክለው ሌላ ቦታ አስገዳጁን ኧርሊ ዲሲዥን ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ደንብ ከራሱ ገጽ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ደንቡ ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ሃርቫርድና ፕሪንስተን በ2006 ኧርሊውን ጨርሰው አስቀርተው በ2011 መልሰውታል። የቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲም እንዲሁ በ2006 ኧርሊ ዲሲዥንን ትቶ በ2019 መልሷል። ቨርጂኒያ ቴክ ደግሞ በ2023 ኧርሊ ዲሲዥንን እንደሚያስቀር አስታውቋል። ስለዚህ «የጎረቤት ልጅ እንዲህ አድርጎ ነበር» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

በ2021 መኸር ላይ ልጃችን ስሙን ለማንጠራው በሌላ ስቴት ላለ የግል ዩኒቨርስቲ በኧርሊ ዲሲዥን አመለከተች። አንድ ማታ አንዳችን ለሥራ ስንወጣ፣ አንዳችን ከሥራ ስንገባ፣ በር ላይ «እማዬ እዚህ ጋ ፈርሙልኝ፣ ዛሬ ማታ ነው የሚዘጋው» አለችን። ፈረምን። ምን እንደ ሆነ ስንጠይቃት «አንደኛ ምርጫዬ ነው ማለት ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ አልዋሸችም። እኛ ግን የሰማነው አገር ቤት የምናውቀውን አንደኛ ምርጫ ነው።

በዲሴምበር አጋማሽ ተቀበሏት። ቤታችን እልልታ ሆነ። ጎንደር ላሉት አያቷ ተደወለ፣ ዶሮ ተሠራ፣ ከእናንተም መካከል ቤታችን መጥታችሁ የመረቃችሁልን አላችሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ የገንዘብ ርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ ከእኛ በየዓመቱ 34,000 ዶላር ገደማ የሚጠበቅ ሆኖ ተገኘ። አቤቱታ ጻፍን፤ 4,500 ዶላር ጨመሩልን። አሁንም የማይሆን ነው። የእኛን ገቢ ታውቁታላችሁ።

ምስጢሩን ያወቅነው በኋላ ነው። ታክሲ ነጂ ግብሩን ሲያሠራ የመኪናውን እርጅና ያስቀንሳል፤ በግብር ወረቀቱ ላይ የሚታየው ገቢ ትንሽ ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ግን ያን የተቀነሰ የእርጅና ሒሳብ ኪስ ውስጥ እንዳለ ገንዘብ ቆጥረው መልሰው ይደምሩታል። በመካከላችን ታክሲ፣ ሊሙዚን፣ ኡበር የሚነዳ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ስንት ሰው ነው? ለዚህ ሁሉ ሰው ይህ ነገር ይመለከተዋል።

በስምምነቱ ላይ አንድ መውጫ በር አለ። ርዳታ ጠይቆ የተሰጠው ርዳታ ለመማር የማያስችለው ተማሪ ግብዣውን እንዲመልስ፣ ከቃሉም እንዲፈታ ይፈቀድለታል። እኛም በዚያ በር ወጣን። ይሁን እንጂ በሩ የሚከፈተው ርዳታውን በጊዜው ለጠየቀ ብቻ ነው፤ ሳይጠይቁ ፈርሞ በኋላ ገንዘብ የለንም ማለት አያስኬድም። ፈቃዱ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሲደርሰን በእጃችን ሌላ ምንም አልነበረም። ምክንያቱም ኧርሊ ዲሲዥን ያመለከተ ሌላ ቦታ ማመልከት የማይችል መስሎን ነበር። ትልቁ ስሕተታችን ይኸ ነው። ኧርሊ ዲሲዥን የሚከለክለው ሁለተኛ ኧርሊ ዲሲዥንን ነው፤ በአብዛኛው ለስቴት ዩኒቨርስቲ በኧርሊ አክሽን ጎን ለጎን ማመልከት ይቻላል፣ ከተቀበሏት ያን ጊዜ ትሰርዛለች። ልጃችን ለስቴቱ ዩኒቨርስቲ በመደበኛው ቀን ስታመለክት ቦታው አብዛኛው ተይዞ ስለ ነበር አልተሳካላትም።

ያን ክረምት ልጅቷ ያለቀሰችው ለዩኒቨርስቲው አልነበረም። «ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ብሏችሁ፣ እኔ አዋረድኳችሁ» እያለች ነው። ሁለት ወር ያህል ወደ ማኅበራችን ስብሰባ አንሄድም ብላ ቀረች። ለእድሩ ልጆች የምናስበው ይህንንም ጭምር ነው፤ በዲሴምበር የሰማነውን የምሥራች ገንዘቡ ሳይታወቅ አገር ምድሩን ባናዳርሰው ይሻላል። በ2022 ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች፣ በ2024 ወደ ስቴቱ ዩኒቨርስቲ ተዛወረች። በነገራችን ላይ ይህ መንገድ እንደ ውድቀት መታየቱ ያናድደናል። በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከብዙ የቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲዎች ጋር የተረጋገጠ የመዛወር ስምምነት አለው፤ ከጆርጅ ሜሰን ጋር ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለ።

እንግዲህ ከመፈረም በፊት ምን ይደረግ?

ዋጋው ይጠየቅ። ሽማግሌ ልኮ ጥሎሹ ሳይነገር ቀለበት የሚያስር ሰው የለም መቼም። ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ኮሌጅ በገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ ማኖር ግዴታው ነው። የቤተሰቡን ገቢ፣ ቁጠባ፣ የቤተሰቡን ቁጥር ያስገባሉ፤ ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ በግምት ይህን ያህል ነው ይላል። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። የደመወዝ ሠራተኛ ከሆናችሁ ግምቱ ብዙ አይርቅም። የራሳችሁ ሥራ ካላችሁ ግን ማስያው ሊያታልላችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ለገንዘብ ርዳታው ቢሮ ደውላችሁ «የራሳችን ሥራ ነው፣ የእርጅና ሒሳቡን መልሳችሁ ትደምራላችሁ ወይ? ከመፈረማችን በፊት ግምት ትሰጡናላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ይሰጣሉ። የማይሰጥ ከሆነ ይህም ራሱ መልስ ነው።

ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት ቅጽና ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል ሁለቱም በመደበኛው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታሉ። ፋፍሳ የሚጠይቀው ቅጹ በሚሞላበት ቀን በባንክ ያለውን ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ የእቁብ ሰብሳቢዎችና የማኅበር ገንዘብ ያዦች ተጠንቀቁ፤ የሰው ገንዘብ በስማችሁ ከተቀመጠ የእናንተ ሀብት መስሎ ይታያል። ለዚህም ሆነ ለሌላው ጉዳይ የማኅበር ገንዘብ በማኅበር ስም ይቀመጥ ብለን ደጋግመን ተናግረናል፤ ገንዘብ ያዣችን እየሳቁ ነው። ለእናት ለአባት፣ ለወንድም ለእህት ወደ አገር ቤት የምንልከውን ፋፍሳ እንደ ወጪ አይቆጥርልንም። ኮሌጁ ግን ደብዳቤ ይቀበላል፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጣችሁ ጻፉ።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስሙን ስንሰማ የምንፈራው ኮሌጅ ከሁሉ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ሃርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዓመት ከ100,000 ዶላር በታች የሚያገኝ የተለመደ ሀብት ያለው ቤተሰብ ልጁን በነፃ እንዲያስተምር አድርጓል። ኩዌስትብሪጅ የሚባል ድርጅት አለ፤ አራት ሰው ሆነው በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በታች ለሚያገኙ ቤተሰቦች ጎበዝ ልጆች የአራት ዓመት ሙሉ ስኮላርሺፕ ከኮሌጆች ጋር ያገናኛል። ከአብዛኞቹ ኮሌጆች ጋር ይህም አስገዳጅ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው አስቀድሞ ስለሚታወቅ በዚህ መፈረም አያስፈራም። ማመልከቻው የሚዘጋው በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ነው፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ያሰበ ሰው ለመጻፍ የሚቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ከእድራችን ልጆች ለዚህ የሚበቁ እንዳሉ እናውቃለን።

ኧርሊ ዲሲዥን ዕድል ይጨምራል የሚባለውስ? እውነት ነው፣ ይጨምራል። ሦስት ተመራማሪዎች በ2003 በሃርቫርድ ማተሚያ ቤት ባወጡት መጽሐፍ ኧርሊ ማመልከት በግምት 100 የኤስ.ኤ.ቲ. ነጥብ እንደ መጨመር ይቆጠራል ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ያህሉን ቦታ በኧርሊ ዲሲዥን የሚሞሉ የግል ኮሌጆች አሉ። ኮሌጁ የሚያገኘው የሚመጣለትን ተማሪ ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ነው። የሚያጣው ቤተሰቡ ነው፤ የአንዱን ደብዳቤ ከሌላው ጋር ማወዳደር አይችልም። ሀብታም ማወዳደር አያስፈልገውም። እኛን ያስፈልገናል። ደግሞም ከፍ ያለው የቅበላ መጠን ሁሉ የልጃችን ዕድል አይደለም፤ በዚያ ዙር ቀድመው የተመለመሉ ስፖርተኞችና የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች በብዛት ይገኙበታል።

ስለ ምልክቶችም ጥቂት እንበል። ኮሌጁ ልጁ በእርግጥ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን ለማወቅ ከፊርማው ሌላም ምልክት የሚቆጥር አለ። መጎብኘት፣ በኢንተርኔት ገለጻ ላይ ተመዝግቦ መገኘት፣ ለአካባቢው ኃላፊ ጥያቄ መጻፍ፣ የላኩትን ኢሜይል መክፈት። ሃርቫርድና ስታንፎርድን የመሳሰሉት ይህን አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት ግን ብዙ ናቸው። ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ዓመታዊ ሰነድ አለ፤ ኮሌጆች ራሳቸው ሞልተው ያወጡታል። ክፍል ሲ ተራ ቁጥር 7 ላይ «የአመልካቹ ፍላጎት» የሚል መስመር አለ፤ ከፊት ለፊቱ በጣም አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ የሚታይ፣ የማይታይ ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል። ለማየት ሁለት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ልጆች የሚጎዱበት ከአስተዳደጋቸው ነው። «ሰው አታስቸግር»፣ «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል» ብለን ነው ያሳደግናቸው። ለኮሌጅ ኃላፊ ጥያቄ መጻፍ ልመና ይመስላቸዋል። ወንድ ልጃችን በ2024 መኸር አንዲት አጭር ኢሜይል ለመላክ ሦስት ቀን ፈጀበት። «ምን ብዬ ላስቸግራቸው?» ይላል። ሰዎቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚህ መሆኑን ነገርነው። የማይረባ ጥያቄ በየሳምንቱ መላክ ሳይሆን፣ ከገጹ ላይ መልስ የሌለውን አንድ ቁም ነገር መጠየቅ ይበቃል።

ከወዲያ የሚመጣውንም ምልክት እንወቅ። በፖስታ የሚመጣው ባለ ቀለም መጽሔት፣ «እንደ አንተ ያለ ተማሪ እንፈልጋለን» የሚለው ደብዳቤ ጥሪ አይደለም። ኮሌጅ ቦርድ ፈተና የወሰዱና ፈቃዳቸውን የሰጡ ተማሪዎችን ስም ለኮሌጆች ይሸጣል። እኛ የመጀመሪያዋ ልጃችን የደረሳትን አንዱን ደብዳቤ በመስተዋት አድርገን ሳሎን ሰቅለነው ነበር። በኋላ ለስንቱ ልጅ እንደ ደረሰ ስናይ አወረድነው። እንዲሁም በዲሴምበር «ወደ መደበኛው ዙር አስተላልፈንሃል» የሚል መልስ ቢመጣ እንቢ ማለት አይደለም፣ እሺም አይደለም። የአዲሱን ሴሚስተር ውጤት ጨምሮ «አሁንም እፈልጋችኋለሁ» የሚል አንድ ደብዳቤ መላክ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ሌላውን መንገድ ሁሉ መቀጠል።

ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ይህን ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ፓርክ የኧርሊ አክሽን ቀኑ ኖቬምበር 1 ነው፤ አስገዳጅ አይደለም፤ ከሚቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች አብዛኞቹን የሚቀበለው ከዚህ ዙር ነው፣ ለስኮላርሺፕም የሚያየው ቀድመው ያመለከቱትን ነው። በቨርጂኒያ ላላችሁም የቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲ ሁለቱንም ዓይነት ኧርሊ በዚያው በኖቬምበር 1 ይቀበላል፤ ከሁለቱ የትኛውን ሳጥን ልጃችሁ እንደ ነካ ቆማችሁ እዩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 22 መሆኑ ነው። በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ በቀይ ጻፉት።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን አለበት፣ ፈርሞ መተው ነው፣ ፍርድ ቤት አይወስዱን» ይላል። ፍርድ ቤት አይወስዱም፣ ልክ ነው። ነገር ግን በ2025 ቱሌን ዩኒቨርስቲ አንድ ተማሪ ቃሉን በማፍረሱ ምክንያት፣ ልጁ ከተማረበት የኮሎራዶ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ኧርሊ ዲሲዥን እንደማይቀበል አሳውቋል። የቀጡት ከኋላው የሚመጡትን ልጆች ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ በአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ናቸው። በገንዘብ ምክንያት መፈታት መብት ነው፣ በዚህ ማንም አያፍርም፤ ሐሳቤን ለውጬአለሁ ብሎ መተው ግን ጎረቤት ላይ ይወድቃል። በዚያው በ2025 በኦገስት ወር ተማሪዎች ኧርሊ ዲሲዥን ውድድር አጥፍቶ ዋጋ ያስወድዳል ብለው 32 ኮሌጆችን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰዋል። ፍርዱን እየጠበቁ ልጅ ማስመዝገብ ስለማይቻል እኛ ባለው ደንብ እንሂድ።

ወንድ ልጃችን ለሦስት ቦታ በኧርሊ አክሽን፣ ለሦስት ደግሞ በመደበኛው አመለከተ። ኧርሊ ዲሲዥን አልፈረምንም። በኤፕሪል 2025 አራት ደብዳቤ በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን፣ እኅቱ ወረቀትና እርሳስ ይዛ፣ ብድር የሆነውን ከስጦታው እየለየች ደመረችልን። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በዓመት ከ18,000 ዶላር በላይ ነበር። ወደ ርካሹ ሳይሆን ወደ ሁለተኛው ርካሽ ሄደ፤ የፈለገው የምሕንድስና ክፍል እዚያ ስላለ።

ኮሚቴው ከፈቀደልን በሴፕቴምበር ወር ሁለት ቅዳሜዎች ከቀትር በኋላ በዚሁ አዳራሽ እንቀመጣለን። የባለፈውን ዓመት የግብር ወረቀት፣ የባንክ መግለጫና ልጁን ራሱን ይዛችሁ ኑ፤ ልጁ ሳይኖር የወላጅ ብቻ አይጠቅምም። ማስያውን አብረን እንሞላለን፤ ልጃችን በኮምፒዩተሩ ትረዳናለች። ከዚያ በፊት የሚቸኩል ፊርማ የመጣበት ሰው ስልካችን ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ። አንዳችን ሌሊት ስለምንሠራ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ባትደውሉ ደስ ይለናል።